ልጄ ሽማግሌ ላከችብኝ

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ጠዋት ነው። ሁለት ነበሩ። አንደኛው በድርቁ ጊዜ ከወሎ ከእኔ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው ወደዚህ የመጡ አዛውንት ናቸው። ያኔ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሳቸው ትዳር የያዙ ጎልማሳ። እስከ ዛሬ ያኔ መንግሥት ባሰፈረን የሰፈራ መንደር በቆሎ ያርሳሉ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የማየው እሳቸውን ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እዚሁ ነቀምቴ ተወልደው ያደጉ ኦሮሞ፣ ጨለለቂ ሰፈር ከወፍጮ ቤቴ ሁለት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ በሰፈሩ ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠሩ ሰው።

ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«አካም ቡልተኒ» አሉ መምህሩ።

«ነጋ፣ ገለቶማ። ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችንን ሳትሰማ አንቀመጥም» አሉ አዛውንቱ።

ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። ሚስቴ ሽማግሌዎቹን አየችና ሳትደነግጥ ወደ ጓዳ ገባች፤ እሷም ነገሩን ሳታውቅ እንዳልቀረች ጠረጠርኩ። ማነው ደፋሩ እያልኩ በሰፈሩ ያሉትን ጎረምሶች አንድ በአንድ በሐሳቤ አሳለፍኩ። አንዱም ደስ አላለኝም። ስለዚህ እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ቀደምኩ።

«አባባ፣ ሁለታችሁንም አከብራለሁ። ግን አትልፉ። ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ ለማንም አልድርም። የሚኒስትር ልጅ ቢመጣም አልድርም።»

ሁለቱ ተያዩ። መምህሩ ሳል እንደመጣበት ሰው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

«ያ ኦቦሌሳ፣ ልጅህን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

«ታዲያ ማን ልኳችሁ መጣችሁ?»

«ልጅህ» አሉ አዛውንቱ።

«የትኛዋ ልጄ?»

«ስንት አለህ? ያችው ከጓዳው በር ኋላ ቆማ የምትሰማን ናታ!»

በእኛ አገር ከአባቱ የተጣላ ልጅ፣ ከቤት ወጥቶ የከረመ ልጅ፣ ሽማግሌ ይልካል። ይህን አውቃለሁ። የእኔ ልጅ ግን ከቤት አልወጣችም። ከእኔ ጋር አልተጣላችም፤ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ የእጅ ውኃ አስታጥባኛለች። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደረች፣ እንደ ባዕድ ሰው ሽማግሌ ላከችብኝ። ደሜ ፈላ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያሳየኝ አንድ የሰፈራው ጎረቤት ነው፤ ማንበብ የተማርኩት ባለሱቁ ስኳርና ጨው ከሚጠቀልልበት ወረቀት ነው። የወፍጮ ሞተር መፍታትና መግጠምንም ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ ልጄ ስትወለድ አንድ ነገር ወሰንኩ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች አልኩ። አልጠየቅኳትም፤ የተወለደች ዕለት ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ችግሩ ካደገች በኋላም አለመጠየቄ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣላትም። ብቻዋን አይደለችም፤ አብረዋት ከተፈተኑት ጓደኞቿ ያለፈ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት በፀጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ ትምህርትም ይቆም ነበር፣ ሲከፈት ደግሞ የተዘለለውን ማንም ተመልሶ አያስተምርም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም እኔ በስኳር መጠቅለያ የተማርኩ ሰው ነኝና ምክንያት አልቀበልም አልኳት። ሦስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በአራተኛው ቀን አስነሥቼ በግል እንድትፈተን አስመዘገብኳት። የጥናት ሰዓቷን በራሴ እጅ ጽፌ አልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩ። ዓመቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛ ጊዜም አልመጣላትም። ያን ቀን አላለቀሰችም። ልብሷን አጥባ አሰጣች፣ ሻሿን አሰረች፣ ወፍጮ ቤት መጥታ ጆንያ መፍታት ጀመረች። ከውድቀቷ ይልቅ ይህ አናደደኝ። በውድቀቱ የማያፍር ልጅ መጨረሻው ምንድን ነው ብዬ ለሚስቴ ተናገርኩ። ሚስቴ «ሦስት ቀን ስትተኛም ተቆጥተሃል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ያኔ ዝም አሰኘኋት።

በዚያው ክረምት የወፍጮው ሞተር ተቃጠለ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ አኖ ከተማ፣ የተቃጠለ ሞተር የመዳብ ሽቦውን አውጥቶ በአዲስ ሽቦ እየጠቀለለ የሚያድስ ባለሙያ አለ። ሞተሩን የሚያሸክመኝ ሰው ስላጣሁ ልጄን ይዤ ሄድኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሻይ ቤት ስቀመጥ እሷ ከባለሙያው አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ስንመለስ መኪና ውስጥ አፏ አላረፈም። ሽቦው ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ዙሩ ቢጎድል ሞተሩ ለምን እንደሚግል ነገረችኝ። እኔ ደግሞ «ይህን ጭንቅላት ለፊዚክስ ብታውይው ኖሮ» አልኳት። እስከ ነቀምቴ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችም። በሳምንቱ ለሦስተኛ ፈተና የሚሆን አዲስ መጽሐፍ ገዛሁላት።

ሽማግሌዎቹ ይዘውት የመጡት ጉዳይ ይህ ነበር። የአኖው ባለሙያ ልጄን ተቀብሎ ሊያስተምራት እሺ ብሏል። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ትኖራለች። የሚጠብቃት ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይይዛል። ሦስተኛውን ፈተና አልፈተንም ብላለች።

«አፍ የላትም? ለምን ራሷ አልነገረችኝም?» አልኩ።

«ነግራሃለች» አሉ መምህሩ። «አንዱን ቀን ዱቄት ልወስድ መጥቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሂጂና ሂሳብሽን ሥሪ ነው ያልካት።»

«ወፍጮ እየጮኸ እንዴት እሰማለሁ?»

«ካልሰማህ እንዴት መለስክላት?» አሉ አዛውንቱ።

ከጓዳ በኩል የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። የሚስቴ ነው።

«ሴት ልጅ ሞተር ጠቅልላ ልትኖር ነው?» አልኩ።

«ወላሂ፣ አንተ ገበያ ስትሄድ ድንጋዩን የሚያዞረውን የወፍጮህን ቺንጋ ማን የሚቀይርልህ መሰለህ?» አሉ አዛውንቱ።

«የዛሬ ልጆች የጀመሩትን አይጨርሱም፣ አባባ። ዛሬ ሽቦ ትላለች፣ ነገ ሌላ።»

መምህሩ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «የወደቀ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። ከወደቀ በኋላ የሚሠራውን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ሄዶ ጠይቆ፣ ራሱ ሽማግሌ የላከ ግን አላየሁም። ይህች ኢንተላ እየሸሸች አይደለም።»

ስሸነፍ እልኸኛ ነኝ። «በሳምንቱ ተመለሱ» አልኳቸው። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

እንደወጡ ልጄን ጠራኋት። «አዋረድሽኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ ሰው አክብሬ ነው የላክሁብህ» አለች። አላለቀሰችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። «ዝም ብዬ መኪና ተሳፍሬ ብሄድስ ኖሮ?»

ዝም ብለው የተሳፈሩ ልጆች በሰፈራችን ሞልተዋል። እናቶቻቸው ስልክ እየጠበቁ ይውላሉ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ቁጣዬን የማደርግበት ቦታ አጣሁ።

ረቡዕ ቀን መብራት ሄዶ ወፍጮው ቆመ። ሥራ ስፈታ ወደ ቤት ገባሁና የገዛሁላትን መጽሐፍ አነሣሁ። ምን ያህል ቢከብድ ነው ብዬ፣ እርሳስ ይዤ፣ በእሷ ወንበር ተቀመጥኩ። የፊተኞቹን የሂሳብ ጥያቄዎች እንግሊዝኛውን እየዘለልኩ በቁጥሩ ብቻ ሠራሁ። ከዚያ እየከበደኝ ሄደ፤ አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። መብራት ከመጣ በኋላም አልተነሣሁም፤ ሰው እህሉን ይዞ ወፍጮ ቤት በር ላይ ይጠብቀኛል፣ እኔ ከወረቀቱ ጋር ነኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩበት ከሰዓት በኋላ ትዝ አይለኝም። መጽሐፉን ስዘጋ አንድ ነገር ገባኝ። ያንን ፈተና መፈተን የሚፈልገው ሰው እኔ ነኝ። እሷ የእኔን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትናልኝ ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

ይህን ማወቄ ያበርደኛል ብላችሁ ከሆነ አላበረደኝም። እንዲያውም ባሰብኝ። ሰው ልጁን ሲቆጣ ይቀለዋል፤ ራሱን ሲቆጣ ማን ያስታርቀዋል?

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ገና ከመቆማቸው «ትሂድ» አልኳቸው። «ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።»

«ደስ ይበልህ ብለን አልመጣንም» አሉ መምህሩና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አዛውንቱ ልጄን ጠርተው እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። መንገድሽ ይቅና፣ እጅሽ ይባረክ አሏት። መምህሩ አሜን አሉ፣ ሚስቴም አለች። እኔም አልኩ፣ ግን በጥርሴ መካከል። አዛውንቱ ሲወጡ ትከሻዬን ያዙና «አብሽር፣ ልጅህ እንጂ ጠላትህ አይደለችም» አሉኝ።

ከሄደች መንፈቅ አለፈ። በመጀመሪያው ወር ሽቦው ጣቷን ሰነጣጠቀው። ብቻዋን ጠቅልላ የጨረሰችው የመጀመሪያ ሞተር ሲሞከር ጨሰ፤ ባለሙያው ፈትተሽ እንደገና ሥሪው አላት፣ ፈትታ ሠራችው። ይህን በስልክ የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ ቤት መሳሳት ኃጢአት ነበር፤ እዚያ ግን የሥራው አንዱ ክፍል ሆኗል። ወጣት ልጅ ያሰበው ሲፈርስበት አዝኖ፣ ተነሥቶ፣ ሌላውን መንገድ ይይዛል። እኔ የማውቀው ያንኑ የጀመሩትን መንገድ መግፋትን ብቻ ነው። ያደግኩት በዚያ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አሁን የማልወደውን ነገር ልጻፍ። አንድ ቀን ከሰፈራው መንደር እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው «ልጅህ የት ደረሰች?» ሲለኝ «ዩኒቨርሲቲ ናት» አልኩት። ውሸት በቤቴ የማልታገሥ ሰው ነኝ። ልጄን በሰባት ዓመቷ ስለ አንድ ትንሽ ውሸት ገርፌያታለሁ። ሰውየው «እሰይ፣ አንተ ያልተማርክ አስተማርክ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ደስ አለኝ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ለፋሲካ ልጄ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤት እያገዘችኝ ሳለ ያው ሰው በቆሎውን አህያ ላይ ጭኖ ከች አለ። አያት፣ ፊቱ በራ።

«እንዴት ነው ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲው ተስማማሽ?»

ልጄ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፣ አባባ። ነጥቡ አልመጣልኝም» አለችው። «አኖ የሞተር ጥገና እየተማርኩ ነው። የውኃ መሳቢያም እንሠራለን፤ የተበላሸባችሁ ካለ አምጡልን።»

ሰው ስሟን ጠርቶ ሰላም ያላት ያህል ቀለል አድርጋ ነው የመለሰችለት። ድምፅዋ አልተሰበረም፣ አንገቷንም አልደፋችም። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ ጆንያ መፍታት ጀመርኩ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለምን ዋሸህ እስክትለኝ ጠበቅኩ። ብትለኝ እቆጣለሁ፣ ከተቆጣሁ ደግሞ ነገሩ ያልቃል። አላለችኝም። በዓሉን አብረን በላን፣ ለእናቷ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ገመድ ጠገነችላት፣ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። መኪናው እስኪሞላ ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መንገዱ ጠየቅኳት። መንገዱ ደህና ነው አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውየው የበቆሎ ጆንያውን ይዞ ተመለሰ። ወፍጮ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር።

«ልጅህ የለችም እንዴ?» አለኝ።

«ሄዳለች።»

«ወደ ዩኒቨርሲቲ?» አለና ሳቀ። መሳቁ ይገባዋል። ወረፋ የያዙት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወደ አኖ» አልኩ፣ የወፍጮውን ድምፅ አልፎ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ሞተር ልትሠራ።»

ፊቴ ጋለ። ጆንያውን ከእጁ ነጥቄ ሚዛን ላይ ጣልኩት።