አራት መስመር በቆሎ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም፤ እሳቸውም በዓይናቸው አይተውት እንጂ እኔ ነግሬያቸው አይደለም። አሁን የምናገረው ጀግና ሆኜ ሳይሆን ዝምታው ስለታከተኝ ነው።

የእርሻ ባለሙያ ነኝ። ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች የሰፋሪዎች መንደር አዲስ የበቆሎ ዘር አባዛ ነበር። ተራው በቆሎ ሆድ ይሞላል እንጂ ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ሰውነታችን ደግሞ ራሱ ሊሠራው አይችልም። ገንፎ ጠግቦ የማያድግ ሕፃን በየቤቱ አይቻለሁ። ተመራማሪዎች ያንን ንጥረ ነገር አብዝቶ የሚይዝ በቆሎ አዳቅለው አወጡ። ዘሩ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ተራ በቆሎ አጠገቡ ካበበ፣ ነፋስ ብናኙን ያመጣበትና ፍሬው ተመልሶ ተራ ይሆናል።

ማሳውን የሰጡን እማማ ዘሀራ ናቸው፤ በሰፈራ ዘመን ከወሎ የመጡ፣ የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ባልቴት። የጓሯቸውን በቆሎ ንቀሉ አልኳቸው። ቁመቱ ጉልበት ደርሶ ነበር፤ የክረምቱን ችግር የሚወጡበት እሸት ነበር። በገዛ እጃቸው ነቀሉት።

እኔስ? እኔ ከማሳው ዳር ካለው ዕቃ ቤታችን ጀርባ አራት መስመር ተራ በቆሎ ዘራሁ። ለምን? እሸት ስለምወድ! ሌላ ምክንያት የለኝም። የድሃ ጓሮ አስነቅዬ እኔ ዘራሁ። አራት መስመር ምን ያመጣል አልኩ። ሲደርስ ጠብሼ በላሁ፤ ይባስ ብዬ አንዱን ለእማማ ዘሀራ ሰጠኋቸው። ተቀብለው መረቁኝ።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ዘሩ ተበላሽቶ ተገኘ። በቀበሌው ደጅ ሕዝብ ተሰብስቦ ብናኙ ከየት መጣ ተባለ። እኔ ተነሥቼ፣ ንቀሉ ስንላቸው ደብቀው የሚያስቀሩ አሉ አልኩ። ስም አልጠራሁም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ! ከማሳው አጠገብ ያለው ጓሮ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። እማማ ዘሀራ «ወላሂ ነቅያለሁ» አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና ተቀመጡ። ከዘር አባዢዎች ማኅበር ተሰረዙ። ውሸታም ተባሉ፤ ሰላምታ የነፈጋቸውም ነበር።

ሰብሌን አይተዋል፣ በጥርሳቸው ቀምሰዋል። ለምን አላጋለጡኝም? ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩና ጠየቅኳቸው።

«ተነስ ልጄ፣ አውፍ ብየሃለሁ» አሉኝ። «ያኔ ብናገር ያባርሩህ አልነበር? አንተ ከሄድክ ዘሩን ማን መልሶ ይዘራልናል? እኔማ ስሜ ቢጠፋም እኖራለሁ። ልጆቹ ግን ያ በቆሎ ይድረሳቸው ብየ ነው።»

ደረሳቸው። በተከታዩ ክረምት እንደገና ዘራሁ፤ በዙሪያው አንድም ሌላ አገዳ አልነበረም። ዛሬ ያ ዘር እስከ ባምባሲ ድረስ ይዘራል፤ የእማማ ዘሀራ የልጅ ልጆችም በልተውት አድገዋል። ሰው እኔን ያመሰግነኛል። እኔ ግን እንጀራዬም ሥራዬም የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ እማማ! ይህን ስጽፍ እንኳ ደስታው ያስለቅሰኛል።

ነገር ግን ያመሰገንኳቸው ጓዳቸው ውስጥ ነው፣ ለሁለታችን ብቻ። ውሸታም ያሰኘኋቸው በሕዝብ ፊት ነበር። ይህ ምን ዓይነት ምስጋና ነው?

ቅዳሜ የቀበሌው ስብሰባ አለ። ያኔ በቆምኩበት ቦታ እቆማለሁ። ምሕረት አልለምንም፤ እሳቸው ቀድመው ሰጥተውኛል። እማማ ዘሀራ ነቅለዋል፣ የዘራሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው፣ ይሰሙኛል።