አባት የተሰጣቸው ፋይሎች

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ኮምፒውተሩን የናቅሁት ሰዎቹን ከመናቄ በፊት ነው። ደብዳቤ ጽፌ ስም ስሰጠው፣ ከስሙ በስተኋላ ነጥብና ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይለጥፍበታል፤ ዲ፣ ኦ፣ ሲ። ደብዳቤ መሆኑን የሚያውቀው በዚያች ጭራ ብቻ ነው። ጭራዋን ያጠፉበት እንደሆነ፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት ራሱ ያስቀመጠውን ጽሑፍ እንደ ባዳ ያየዋል። ውስጡን ገለጥ አድርጎ ማየት አይችልም እንዴ እል ነበር። ሞኝ ዕቃ ነው። በኋላ ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጋር ሳስተያየው ግን እሱ ይሻላል።

ያደግሁት እዚያው ስለሆነ ዐረብኛውን እንደ አገሬው እጽፋለሁ። ገበያው ዳር አንድ ሱዳናዊ በከፈታት ጠባብ ሱቅ ተቀጥሬ፣ ለሐበሻው ሁሉ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል። ቫይረሱ ፎልደር መስሎ ይገባል፤ የሚያሳብቅበት ጭራው ብቻ ስለሆነ፣ የሁሉም ፋይል ጭራ እንዲታይ አድርጌ ማሽኑን አስተካክዬው ነበር። ጉድ ያፈላችው ይህች ጥንቃቄዬ ናት።

የመታወቂያ ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ ጸሐፊ፣ ኮምፒውተር ከተሰጠው ወዲህ ወረቀት ተጸየፈ። የሐበሻው ማኅበር «ይህን ሰው እናውቀዋለን፣ የእኛ ነው» ብሎ የሚጽፈውን ምስክርነት በፍላሽ አምጡ አለ። በፍላሽ ስንወስድለት ምን ያደርጋል? ወረቀት ላይ ያትመውና ማኅተም ይመታበታል። ይህን ሥልጣኔ ነው ብሎ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ደግሞ የባሰበት ነበር። በዚያ ሙቀት ከረባት የሚያስር፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ የሚጽፍለት ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሱዳን ተቀምጦ ዐረብኛው ከሰላምታ አያልፍም። እሱ ሳያየው ከማኅበሩ የሚወጣ ነገር ግን የለም።

በዚያ ሰሞን ከገጠር፣ ከቁረይሻ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ሰሊጥ አርማ፣ ሰሊጥ አጭዳ ልጇን ገዳሪፍ ያስተማረች ሴት ናት። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትቀመጥ ነው። ለመመዝገብ የቢሮው ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ የማኅበሩ ምስክርነት። ርእሰ መምህሩ የተፈታኞችን ስም ይዞ የሚሄደው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ያ ካለፈ ለከርሞ ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ልጇን ሌላ ዓመት ከተማ የምታስቀምጥበት አቅም እንደሌላት ለሁላችንም ነግራናለች።

ረቡዕ የሃያ ሦስት ሰው ምስክርነት ጽፌ ጨረስሁ፤ የልጅቷም አለበት። እያንዳንዱን ፋይል በባለቤቱ ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሰይሜ ፍላሹ ላይ ጫንሁ። ፉል በልቼ ስመለስ ሊቀመንበሩን ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አንቺ ልጅ፣ የጎደለውን ሞልቼልሻለሁ» አለኝ መነጽሩን እያወለቀ።

ነጥብ ወይ ሰረዝ ጨምሮ ይሆናል ብዬ ንቄ ተውሁት። ከፍቼ እንኳ አላየሁም።

ሐሙስ ጧት እናትና ልጅ፣ ሊቀመንበሩና እኔ ቢሮው ሄድን። ጸሐፊው ፍላሹን ሰካ። ከጎኑ ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። ሰማያዊዋ የደብዳቤ ምልክት ካንዱም ላይ የለችም፤ ሁሉም ነጭ ባዶ ሆነዋል። ስሞቹን አነበብሁ። የሰው ስም፣ ነጥብ፣ የአባት ስም። ሦስቱ ፊደሎች ጠፍተው በቦታቸው የሃያ ሦስት ሰው አባት ገብቷል። ማን እንዳደረገው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። መላውም ያንኑ ያህል ቀላል ነው፤ አባትየውን አጥፍቶ ሦስቱን ፊደል መመለስ።

ጸሐፊው የልጅቷን ፋይል ሁለቴ ጠቅ አደረገ። ማሽኑ «በምን ልክፈተው?» ብሎ ጠየቀው። ጸሐፊው ከማሽኑ የተሻለ አያውቅም። ሌላ ሞከረ፤ ያው ነው።

«ማፊ» አለ፤ የለም ማለቱ ነው። «ተበላሽቷል።»

ልነግረው አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀደመኝ።

«ንገሪው። ጥፋቱ የማኅበሩ አይደለም በይው። ታይፒስቷ ልምድ የላትም፣ ይቅርታ ያድርግልን በይው።»

ቃል በቃል ተረጎምሁለት። ራሴን በራሴ አፍ ሰደብሁ። ጸሐፊው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ፈገግ አለ። ደሜ ፈላ። እጄን አጣጥፌ ዝም አልሁ። ሊቀመንበሩ ይዋረድ አልሁ። ላቡ በከረባቱ ላይ ሲንጠባጠብ እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ትንሽ ሲለማመጠኝ እናገራለሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት። ጸሐፊው ግን ፍላሹን ነቅሎ ሰጠንና ለቁርስ ብሎ ወጣ።

«እታለም፣ ምን አለ?» አለችኝ እናቲቱ።

«አልከፈት አለው።»

«እሚከፈትበት ሌላ መላ የለውም?»

«ሱቅ ሄደን እንየው» አልኋት።

ሱቅ ስንደርስ ሊቀመንበሩን አጠገቤ አቆምሁት። መንገዱን ሁሉ ዝም ያልሁት ይህን በዓይኑ እንዲያይልኝ ነው። የልጅቷን አባት አጠፋሁ፤ ሦስቱን ፊደል ጻፍሁ። ሰማያዊዋ ምልክት ተመለሰች፤ ደብዳቤው ተከፈተ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ፊደሎች ማን ነካቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሳያፍር። «ሃያ ሦስት ሰው ሁሉ አንድ አባት? «ዶክ» የሚባል ማን እንደሆነ እማይታወቅ ሰው በአባት ቦታ ሲጻፍ ዝም ልበል? እኛ ዘንድ ሰው ያለአባቱ ስም ለመንግሥት አይቀርብም።»

«ማሽኑ አልጠየቀዎትም? ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ አላለዎትም?»

«ብሏል። እርግጠኛ ነኝ አልሁታ።»

ሃያ ሦስት ጊዜ ጠይቆት ሃያ ሦስት ጊዜ እርግጠኛ ነበር። ጮክ ብዬ ሳቅሁበት። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ስክሪኑን ነበር የምታየው።

«እትዬ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ይኸ እዚያው አይሆንም ነበር?» አለችኝ።

«የእሱ ማሽን አሮጌ ነው» አልኋት። ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞረችና አየችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ሁሉንም አስተካክዬ በሩጫ ተመለስን። በሩ ተቆልፏል፤ ጸሐፊው ለቁርስ እንደወጣ በዚያው ቀርቷል። ዘበኛው ዛፉ ሥር ጋደም እንዳለ፣ «ኻላስ፣ አበቃ፤ እሑድ ኑ» አለን፤ ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ አይከፈትም። እሑድ ሄድን። ሃያ ሦስቱም ተከፈቱ፣ ታተሙ፣ ማኅተም ተመታባቸው። ርእሰ መምህሩ ግን ስሞቹን ይዞ የሄደው ሐሙስ ነበር።

ልጅቷ በክረምቱ ከእናቷ ጋር ቁረይሻ ወርዳ ሰሊጥ አረመች። ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ሊቀመንበሩ በየስብሰባው ያን ጊዜ ስለ አባት ስም እንዴት እንደተከራከረ ሲያወራ ኖረ፤ ዛሬም ባየው እንቀዋለሁ። ግን እሱ ያጠፋው ሳያውቅ ነው። እኔ እያወቅሁ ነው ዝም ያልሁት፤ ያውም ለከረባት።

እናቲቱ ከገዳሪፍ እስክወጣ ድረስ በየኅዳሩ ሰሊጥ በላስቲክ ቋጥራ ታመጣልኝ ነበር። «እታለም፣ አንቺ ባትኖሪማ ወረቀቱ ጭራሽ አይከፈትም ነበር» ትለኛለች። ተቀብዬ አመሰግናታለሁ። ልጅቷ አንድ ቀንም አብራት መጥታ አታውቅም።