እጅ ላይ የማይሞቅ ባረል

ኖቬምበር ሊገባ ሲል፣ ነዳጅ ማደያው ሁሉ ብርቱካናማ ሰደሪያ በለበሰ አዳኝ ሲሞላ፣ እናንተ ልጆች ትደውሉልኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ ስለ ጠመንጃ ቱቦ ነው፦ «ካርቦን ባረል ነው ስቲል የሚሻለው?» ዩቲዩብ ላይ አንዱ ካርቦን የሙቀት መድኃኒት ነው ይላችኋል፤ ሌላው ማጭበርበሪያ ነው ይላችኋል። ሁለቱም የሚሸጡት ነገር አላቸው። እኔ የምሸጠው የለኝም፣ ደግሞም ደክሞኛል። ስለዚህ አንዴ ልንገራችሁና ሁለተኛ አትጠይቁኝ።

ይህን የተማርኩበት ዓመት ለአጋዘን አደን ወደ ሰሜን የወጣነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ጀማል። ጀማል ቡርንስቪል ይኖራል፣ ትራክ ይነዳል፣ ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ከእኔ ጋር ሲሆን በአማርኛ ይሳደባል። እኔን «ፕሮፌሰር» ይለኛል። አክብሮኝ አይደለም፤ ብሉሚንግተን ሆቴል ዴስክ ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ ስለማነብ ነው።

ጀማል ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ለዓመታት አደን ወጥቷል። አንድም ቀን ሥጋ ይዞ ቤቱ አልገባም። ነጮቹ አጋዘን ተኩሰው ከጣሉ በኋላ ሳንድዊች ይበላሉ፣ ያወራሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ሲደርሱ ሞቶ ይጠብቃቸዋል። እነሱ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት ሕግ ነው፤ የቆሰለ እንስሳ ላይ አትሩጥ። ጀማል ግን በሕይወት ደርሶበት፣ ቢስሚላህ ብሎ በገዛ ቢላው ካላረደው አይበላውም። ስትተኩስ ቢስሚላህ ካልክ ይበቃል የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ አንብቤ ስነግረው፣ «ፕሮፌሰር፣ አንተ የራስህን ጾም ጹም፤ የኔን ለኔ ተወው» አለኝ። እዚህ የተወለደችው ልጁ ሂክማ ደግሞ በየዓመቱ ባዶ እጁን ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ካምፒንግ» ትለዋለች፤ ይሄ ጫካ አድሮ መምጣት እንጂ አደን አይደለም ማለቷ ነው። ይህቺ ቃል ነች ያቃጠለችው። በዚያ ዓመት ሥጋ ይዞ ሊገባ ምሏል።

ለዚህም አዲስ ጠመንጃ ገዛ፤ ካርቦን ባረል ያለው፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። የእኔ ስቲል፣ ሙሉ ብረት ነው። ወፍራም፣ አሮጌ፣ ትከሻ የሚያጎብጥ።

ከአደኑ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ኢላማ ልናስተካክል አንድ የተተወ የጠጠር ማውጫ ጎን ቆምን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። እኔ ትንሽ ተኩሼ እጄን ባረሉ ላይ አስቀምጣለሁ። ሲያቃጥለኝ የጠመንጃውን መዝጊያ ከፍቼ አስቀምጠውና መጽሐፌን አወጣለሁ።

«ስንት ገጽ ደረስክ?» ይለኛል ጀማል እያቀባበለ። «ጀንበሯ ልትጠልቅ ነው እኮ!»

«ይቀዝቀዝ።»

«የኔ አይሞቅም። ና ንካው! ንካው እንጂ!»

ነካሁት። እውነቱን ነው፣ እንደ ፍሪጅ በር ቀዝቃዛ ነበር። እሱም መተኮሱን ቀጠለ። ጥይቱ ግን ከኢላማው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። ጀማል የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማስተካከያ ወደ ላይ ያዞራል፣ ይተኩሳል፤ አሁንም ዝቅ ይላል፤ እንደገና ያዞራል። በመጨረሻ መሃሉን ደጋግሞ መታና ወረቀቱን አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ያዘው። «በል አሁን ይህንን አንብብ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቦን ባረል የሚባለው ሙሉ በሙሉ ካርቦን አይደለም። ውስጡ ስስ የብረት ቱቦ ነው፤ ካርቦኑ ላዩ ላይ በሙጫ የተጠመጠመ ነው። ባሩዱ የሚያነደው ያንን ስስ ብረት ነው፤ ብረቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ሙቀቱም በሙጫው በኩል ወደ ውጭ የሚወጣው እየተንቀራፈፈ ነው። ጀማል ትራኩ ውስጥ የማይለየው የሻይ ፔርሙዝ አለው። እሱን ንኩት፤ ውጭው ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ጠጡትና ምላሳችሁን ጠይቁት። ወፍራም ስቲል ሙቀቱን በሰፊ ገላው ይቀበልና ለእጃችሁ ይናገራል፤ በቃህ ይላችኋል። ካርቦኑ ግን ዝም ይላል። ሁሉም ካርቦን ሲግል ይዛነፋል አልልም፣ የማይነቃነቅም አለ። የጀማል ግን ተዛንፎ ነበር። ጀማል መነጽሩን ያስተካከለው ለጋለ ባረል ነው። በማግስቱ የሚተኩሰው በቀዘቀዘ ነው። ይህ ያኔ አልታየንም፤ ሁለታችንም እጃችንን አምነን ነበር።

ሲነጋ ስስ በረዶ መሬቱን አልብሶት ነበር፤ ለዱካ የሚመኙት ዓይነት። ከረግረጉ ዳር ትልቅ ኮቴ አገኘን፤ ከኋላው የሁለቱ ትንንሽ ጥፍሮች ምልክት ጭምር ያረፈበት፣ የከባድ ወንድ አጋዘን። አንድ ቀጭን ዛፍ ላይ ቀንዱን ፍቆ ልጡን አንስቶታል፤ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ከወደቀ ጥድ ኋላ ተቀመጥን።

ብዙም አልቆየ። አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ፣ የሴት ሽታ እየተከተለ፣ ማንንም ሳይፈራ ወጣ። በዚያ ወር ወንዶቹ ጭንቅላት የላቸውም። ጀማል በሹክሹክታ ቢስሚላህ አለና ቃታውን ሳበ።

አጋዘኑ ገመዱ እንደተበጠሰ ጆንያ ባለበት ዘጭ አለ። እኔ በአቅርቦ ማያ መነጽሬ እያየሁ ነበር። ከጀርባው አናት ላይ ጥቂት ፀጉር ሲበን አየሁ። ከላይ፤ በጣም ከላይ። እንዲህ የተመታ አጋዘን አከርካሪው ደንዝዞ ይወድቃል እንጂ አይሞትም።

«ጀማል፣ ቆይ…»

ጠመንጃውን እጄ ላይ ጥሎ ቢላውን መዝዞ ሮጠ። «ሳይሞት! ሳይሞት!» እያለ። የእኔ ከባድ ስቲል ዛፉን እንደተደገፈ ቀረ፤ በእሱ ቀላል ጠመንጃ ተከተልኩት፣ እያቀባበልኩ፣ በረዶው እያንሸራተተኝ።

ጀማል ተንበርክኮ ቀንዱን ያዘ፤ ራሱን ቀና አድርጎ ጉሮሮውን ሊፈልግ። ያኔ አጋዘኑ ነቃ። ተነስቶ ለመሸሽ ቢሞክር ደግ ነበር፤ ግን ሰው ቀንዱን ይዞታል። ገፋው። ጀማል በጀርባው ወደቀ፣ አጋዘኑ ከላዩ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። አንዱ ቀንድ ጭኑ ውስጥ ሲገባ የጀማልን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ አልሰማሁም።

ጠመንጃውን አነሳሁ። በመነጽሩ የሚታየኝ ቡናማ ፀጉር ብቻ ነው፤ የአጋዘኑ አንገት ይሁን የጀማል ጃኬት አይለይም። ደግሞ ይህ ጠመንጃ የተነገረውን ቦታ እንደማይመታ አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ተራመድኩ። የአጋዘኑ ትንፋሽ ፊቴን እስኪመታኝ ቀረብኩ፣ አፈሙዙን አንገቱ ላይ ደገንኩ፣ ከጀማል ራስ ወደ ሌላ ወገን አዘነበልኩና ተኮስኩ።

አጋዘኑ ወደ ጎን ወደቀ። የጀማል ሱሪ ከጭኑ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ፣ በረዶው ላይ ደሙ ይጨሳል። ጭኑን ላስርበት ቀበቶዬን ፈታሁ።

«ቢላውን!» ይለኛል። «ቢላውን አቀብለኝ፣ ገና ይተነፍሳል!»

«ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ።»

«ፕሮፌሰር፣ በአላህ፣ እዚያ ጋ ነው፣ እጄ ይደርሳል…»

ቢላው አጠገቤ ነበር። ሁለት እጅ ነው ያለኝ፤ ሁለቱንም ቀበቶው ላይ አዋልኳቸው። እስኪጠብቅ ድረስ ጎተትኩት፤ የአጋዘኑም ሆድ መነሳቱን አቆመ።

«ሞተ?»

«ሞተ።»

«ስትተኩስ ቢስሚላህ ብለሃል?»

«ጀማል፣ እኔ የጠራሁት ገብርኤልን ነው።»

ሊስቅ ሲል ሕመሙ ያዘው። «ጂብሪል የኛም ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ለሥጋ ግን አይበቃም።»

ኮረብታ ላይ ስወጣ ስልኬ ሲግናል አገኘ፤ ሰዎች መጡ፣ ሐኪሞች ሰፉት። ያ ቀንድ በጣት ስፋት ወደ ውስጥ ቢያልፍ ኖሮ ቀበቶ አያድነውም ነበር አሉ። እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያነክሳል። ሥጋው የእኔ ፍሪዘር ውስጥ ገባ፤ የነቢያት ጾም ደርሶ ስለነበር እኔም እስከ ገና በሩን ከፍቼ ከማየት በቀር አልነካሁትም።

ጀማል ጠመንጃውን ይሸጠዋል ብዬ ነበር። አልሸጠም፤ እኔም አሁን ትክክል ነው እላለሁ። ጸደይ ላይ በቀዘቀዘ ባረል ስንሞክረው በየጊዜው አንድ ቦታ መታ፤ ከፍ ብሎ፣ ግን ሁልጊዜ እዚያው። ጠመንጃው ምንም ችግር አልነበረበትም። ደግሞ አደን ላይ አንድ ነው የምትተኩሱት፤ ለአንድ ጥይት የሙቀት ክርክር ወሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምትሸከሙት ግን ክብደቱን ነው። እኔ አሁንም ስቲሌን እሸከማለሁ፤ ግትር ስለሆንኩ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። የምትገዙትን ግዙ። ብቻ ኢላማ ስታስተካክሉ እጃችሁን አትጠይቁ። እኛ አንዴ እንተኩሳለን፤ ጀማል ከፔርሙዙ ክዳን ሙሉ ሻይ ይቀዳና ባረሉ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሻዩ በረዶ እስኪሆን ማንም ጠመንጃ አይነካም።

አሁን ጀማል የሚያነጣጥርበትን አይስትም። አምና አንዱን አጋዘን ልቡ ላይ መታው። ጀማል አልሮጠም፤ እኔም መሮጥ የለም ብዬ ክንዱን ይዤው ነበር። ቆመን ጠበቅን፣ ከዚያ ቀስ ብለን ሄድን። ሞቶ አገኘነው። ጥሩ በተኮሰ ቁጥር እንዲህ ነው የሚሆነው። ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰና በረዶው ላይ ቁጭ አለ።

«ውሰደው» አለኝ። «ለኔ ካምፒንግ ነው።»

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፔርሙዙን ከፍቶ ሻይ ቀዳ፤ በዚህኛው ጊዜ ሳይቀዘቅዝ ጠጣነው።