የአንድ ጠዋት በያጅ

ታላቅ እህቴ በያጅ ናት። ሙያውን ያገኘችው ከአጎታችን የብረታ ብረት ቤት ነው። አጎቴ መጀመሪያ ላይ “የሴት ልጅ ዓይን አጥፍቼ ከእናቷ ጋር አልጣላም” ብሎ ከልክሏት ነበር። እሷ ግን እሱ ምሳ ሲወጣ እየጠበቀች በቁርጥራጭ ብረት ተለማመደች። አንድ ቀን ሲመለስ ሁለት አንግል ብረት ተበይዶ አገኘና በመዶሻ መታው። አልተላቀቀም። ደግሞ መታው።

“ይኸው፣ ዓይንሽ ቢጠፋ እኔን እንዳትወቅሺኝ” አላት። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን በርና መስኮት ግማሹ የእሷ እጅ ሥራ ነው።

ባሕር ማዶ ያለ አንድ አገር የመርከብ በያጅ አጣሁ ብሎ ለውጭ ሰው ቪዛ መስጠት ሲጀምር፣ ወሬውን ይዞልን የመጣው ደላላ ነበር። “እዚያ በያጅ እንደ ዓይን ብሌን ነው የሚታየው” አለ። እህቴ ቀን እየበየደች ማታ የአገሩን ቋንቋ ተማረች። ፈተናውንም አለፈች። ቪዛው ሲመጣ ሙያዋና የቀጣሪዋ ስም ተጽፎበታል፤ ደላላው የሙያውን ጮክ ብሎ አነበበልን፣ የቀጣሪውን እንደ ዋዛ አለፈው። እናቴ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠርታ መርቃ ሸኘቻት።

የመርከብ መጠገኛው ባለቤት ግን ገና በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያ ነው የሰጣት። “ለጊዜው ነው” አላት። ጊዜው አላልቅ አለ። ሽንት ቤት አጠበች፤ የሠራተኛ ማደሪያ ወለወለች፤ የመርከብ ቀለም ፋቀች፤ በእረፍት ቀኗ ደግሞ የሰውዬውን መኖሪያ ቤት እንድታጸዳ ተላከች። ሲገባት ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ መጠገኛ በያጅ አልጠፋም። የጠፋው ሽንት ቤት የሚያጥብ ሰው ነው። መንግሥት ደግሞ በያጅ ለማስገባት እንጂ ጽዳት ሠራተኛ ለማስገባት ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ ሰውዬው በበያጅ ስም ጽዳት ሠራተኛ አስገባ።

ቢሮው ገብታ ስትጠይቀው ቀና ብሎም አላያት።

“ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው” አላት። “ግን ቪዛሽ የእኔ ነው። ከዚህ በር ስትወጪ ካገሩም ወጣሽ ማለት ነው።”

በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ትንሽ ነው የቀረኝ።

“ነይ፣ ተመለሺ” አልኳት።

“በምን ዓይኔ? እማዬ ለሰው ሁሉ ምን ልትል ነው?”

እንዲህ እያለች ሆድ ይፍጀው ብላ ስትቀመጥ፣ አንድ ጠዋት ሰውዬው አዲስ ቱታና የብየዳ ጭንብል ይዞ መጣ። “ዛሬ በያጅ ነሽ። እንግዳ ይመጣል” አላት። እንግዳዋ የውጭ ሠራተኞች በሙያቸው መሥራታቸውን የምታይ ተቆጣጣሪ ነበረች። እህቴ ላሜራው ፊት ቆመች። እሳቱን ስታስነሳ እጇ ምንም አልረሳም ነበር። “እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ፤ ያ ነው ያናደደኝ” ብላኛለች።

ተቆጣጣሪዋ ጠጋ ብላ “ሥራው እንዴት ነው?” ብላ ጠየቀቻት። ሰውዬው ከኋላዋ ቆሞ ጥርሱን ያሳያል። አባታችን በሕይወት ሳለ “ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር” ይለን ነበር። እህቴ ጭንብሉን አነሳች።

“ሥራውማ ጥሩ ነው” አለቻት። “የጀመርኩት ግን ዛሬ ጠዋት ነው።”

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። “ከዚያ በፊትስ?”

“ከዚያ በፊት ሽንት ቤት አጥብ ነበር። ይምጡ ላሳይዎት፤ ጥርት አድርጌ ነው የማጥበው።”

ሰውዬው ጥርሱን ከደነ። ተቆጣጣሪዋም ተከትላት ሄደች፤ ሌሎቹንም ሠራተኞች ጠየቀች፤ የሰማችውን ሁሉ ጻፈች። ሰውዬው ተቀጣ፣ የውጭ ሰው የማስገባት ፈቃዱም ታገደ። እኛ ይህን ስንሰማ እልል ልንል ነበር። ለካስ የእሱ ፈቃድ ሲታገድ የእሷም ቪዛ አብሮ ይወድቃል። ተቆጣጣሪዋ ራሷ ጠርታ ነገረቻት።

“እኔ ምን አጠፋሁ?” አለቻት እህቴ።

“ምንም አላጠፋሽም።”

“ታዲያ የምሄደው እኔ የሆንኩት ለምንድን ነው?”

“ሕጉ ነው። ሌላ ቀጣሪ ካገኘሽ አገርሽ ገብተሽ እንደገና ማመልከት ትችያለሽ።”

ሌላ ቀጣሪ እዚያው ከአጥሩ ማዶ ነበር። የጎረቤት መጠገኛ ፎርማን መርከብ ተደርድሮበት በያጅ እየፈለገ፣ “ነገ ጀምሪልኝ” ብሏታል። አልተፈቀደም። በያጅ አጣሁ ብሎ የሚጮህ አገር፣ በእጁ ላይ ያለችውን በያጅ አውሮፕላን ላይ አሳፈረ። በዳዩ ቤቱ አደረ፤ የተበደለችው ሻንጣዋን ጎተተች። ይህንን ፍርድ የሚሉት ሰዎች በየትኛው ትምህርት ቤት እንደተማሩ አላውቅም።

እናቴ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ልታለቅስ ተዘጋጅታ ነበር። እህቴ ግን ቀድማ “ርቦኛል” አለቻት፤ እናቴም እንባዋን ትታ የሚበላ ፍለጋ ሄደች። ሰፈሩ “ተባርራ መጣች” ብሎ ሰነበተ። እሷ ወደ አጎቴ ቤት ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

ደላላው ያለ ኀፍረት ድጋሚ መጣ። አዲስ ተመዝጋቢዎች ሰብስቦ ኖሮ “ባሕር ማዶ ሠርታ የመጣች ናት ብዬ ላስተዋውቅሽ፤ ሁለት ቃል ብቻ በያቸው” አላት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አዳራሹ በወጣት ተሞልቷል፤ መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተደግፏል። የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። በመጨረሻ “ከመፈረማችሁ በፊት ደላላውን አንድ ነገር ጠይቁት” አለች። “ቀጣሪው ቢበድለኝ ሌላ ቦታ መሥራት እችላለሁ ወይ በሉት።”

ደላላው ማይኩን ተቀበላትና “የእያንዳንዱ ሰው ዕድል ለየብቻ ነው” አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ተነስታ “የጠየቀችህን ግን አልመለስክም” አለችው። “በኋላ ቢሮ ነይ” አላት።

ያም ሆኖ አብዛኞቹ ተሰልፈው ፈረሙ። ስንወጣ ደሜ ፈልቶ “ምን ዋጋ አለው፣ ማን ሰማሽ?” አልኳት።

“ሁሉም ሰምቷል” አለችኝ። “የሚሄድበት ሌላ ቦታ ያለው ነው የጠፋው።”

በማግስቱ ለትምህርት ቤት የታዘዘ፣ የምትበይደው የውሃ ታንከር ነበረባት፤ በጠዋት ወጣች።