ቡሬ ድርቆሹን የበላች ቀን

ልጅ ሳለሁ ከሆዴ ይልቅ ጆሮዬ ቶሎ ይርበው ነበር። ሱሉልታ ነው የምላችሁ፤ ብርዱ ግድግዳው ላይ የወደቀውን ጥላችንን እንኳ ያንቀጠቅጠዋል። ኩራዙ ነው የሚንቀጠቀጠው የሚሉ አሉ፤ እነሱ አልነበሩም። ያኔ ማታ ማታ አያቴ አባባ ቶሎሳ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ወደማያውቀው አገር ስለሄደ መንገደኛ ይተርቱልን ነበር። እሳቸው ተረት ውስጥ ቤቱ የሚቀመጥ የለም፤ ጦጣዋም፣ ንጉሡም፣ አንድ እግር ያላት ዶሮም ሁሉም መንገድ ላይ ነው።

ታዲያ አባቴ ሰበታ ፋብሪካ ሥራ አገኘና ልንሄድ ሆነ። የአባባን ጋቢ ጨምድጄ ይዤ ጮህኩ።

«ሰበታ ማን ተረት ይነግረኛል? አባባ፣ አንቱ ካልሄዱ አልሄድም!»

«እኔ ከሄድኩ ከብቶቹን ማን ያጫውታቸዋል?» አሉኝ። ከዚያ እርጥብ ሣር አስያዙኝና ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። «አትፍሪ ልጄ። መንገዱን የሠራ ዋቃ መድረሻውንም ሠርቶታል። በይ፣ ነጋቲ፤ በሰላም ግቢ።»

እኔ ግን ፈራሁ። ተረት የሌለበት ከተማ ልወሰድ ነው ብዬ ሳር ሳሩን እያየሁ አለቀስኩ።

የወሰደን መኪና ሰበታ ወተት ለሚሸጡ እትዬ ብርቄ ለሚባሉ ሴትዮ ድርቆሽ የጫነ ነበር። እኛን ድርቆሹ አናት ላይ አወጡን። ላማችንን ቡሬን ደግሞ አባቴ እዚያው መኪናው ላይ ከኋላ አሰራትና «ከተማ አይታ እንዳትበረግግ» ብሎ ፊቷን ወደ ድርቆሹ አዞረው። የሱሉልታ ሰው ለላሙ አሳቢ ነው፣ ምን ይደረግ!

እንጦጦ አፋፍ ላይ ከደመናው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ እግሬ ሥር ተዘርግታ ሳያት ለቅሶዬን ረሳሁት። አዲሱ ገበያ ስንደርስ የማየው የሱቅ ጣሪያ ሆነ። ጦር ኃይሎች ላይ መስኮት። አለም ገና ላይ ዞር ብል ከቡሬ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጥን፤ ታላምጣለች።

«አባዬ፣ ተራራው እየወረደ ነው!»

ሰበታ እትዬ ብርቄ መኪናውን ዞረው አዩት።

«ድርቆሼስ?»

ሾፌሩ አባቴን አየ። አባቴ ቡሬን አየ። ቡሬ አገሳች።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ገና ሳንገባ ልንባረር ነው አልኩ በልቤ፤ አፌ ግን አላስቻለውም። ከእንጦጦ ጀምሬ እንዴት ቁልቁል እንደወረድኩ ነገርኳቸው። ጦር ኃይሎች ላይ ቡሬ የትራፊኩንም ኮፍያ ቀምሳለታለች አልኩ። እትዬ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሰፈርተኛው ግር ብሎ ወጣ።

«እስቲ ከእንጦጦ ጀምሪው!» አሉኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ ቡሬ ኮፍያውን ዋጠችው።

«ተዉት በቃ» አሉ እትዬ ብርቄ አባቴን፣ «ድርቆሼ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ወተት ሆኖ ይመጣልኛል። ልጅቷን ግን ማታ ማታ አምጧት!»

ያን ምሽት እሳቸው ምድጃ ዙሪያ የማላውቀው ፊት ሁሉ በፍሙ ቀልቶ ተቀምጧል። አንዱ ከወላይታ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ «ይቺ ምን አላት! የኛ አገር በሬ…» ብሎ ጀመረ። ከጎጃም የመጡት ሴትዮ «ቆይ አንተ፣ እኔ ልቅደም!» አሉ። ለካ ሰበታ ሰው ሁሉ ከየትም የመጣ ነውና፣ ተረቱንም ተሸክሞ ነው የመጣው። እንቅልፍ እስኪጥለኝ ሰማሁ።

አሁን እኔም አያት ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ቦታ ሄጃለሁ፤ ፈርቼ ያልተነሳሁበት መንገድ የለም፣ ስቄ ያልደረስኩበትም የለም። ባለፈው ልጄ ቡራዩ ቤት ሠርታ ልትወስደኝ መጥታ «እማዬ፣ ማንም በማያውቅሽ ሰፈር እንዳይከፋሽ» ብላ ስትጨነቅ፣ እኔ ሻንጣዬን ታቅፌ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኳት ነበር። ማንም የማያውቀኝ ሰፈር ማለት እኮ ተረቶቼን ገና አንዱንም ያልሰማ ሰፈር ነው!