ለዝናብ ያልኩት አሜን

«እትዬ አስካለ የሕገ መንግሥቱን መሻሻል ደግፈዋል» እየተባለ ሱሉልታ ውስጥ የሚወራው ትክክል አይደለም። አልደገፍኩም፤ አልተቃወምኩምም። አሜን ነው ያልኩት።

ዛሬ ጠዋት ስለ ማሻሻያው የሕዝብ ውይይት አለ ተብለን ሄድን። የትኛው አንቀጽ እንደሚሻሻል ስጠይቅ መድረክ መሪው «በሂደት ይገለጻል፣ እናቴ» አለኝ።

እናቱ አይደለሁም።

መጨረሻ ላይ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ተነስተው መረቁ። እንደ ወጉ እጃችንን ዘርግተን ሁላችንም አሜን አልን። መድረክ መሪው ወዲያው ማይክራፎኑን ተቀብሎ «በሙሉ ድምፅ ተደግፏል፤ እናመሰግናለን» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

በር ላይ ኦቦ ገመቹን «ምን አስደገፉን?» አልኳቸው።

«እኔ ዝናብ ነው የለመንኩት» አሉኝ።

ሕገ መንግሥት በሁለት መንገድ ይለወጣል። አንዱ በግልጽ ነው፤ ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል፣ ከዚያ ምክር ቤቶቹ ሕጉ በሚጠይቀው የድምፅ ብዛት ያጸድቁታል። ሌላው አንድ ቃል ሳይነካ፣ በአተረጓጎምና በልማድ ነው። ዛሬ ያየሁት ይህን ሁለተኛውን ይመስለኛል። ሕዝብ ይወያይበት የሚለው ጽሑፍ እንዳለ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ሕዝብ አሜን ይበል ሆኗል።

ቡራዩና ሰበታም ተመሳሳይ ስብሰባ ነበር ይባላል። የተገኛችሁ፣ ምን ተጠይቃችሁ ምን እንደመለሳችሁ ጻፉልኝ።

እኔ ነገ መጀመሪያ ኦቦ ገመቹን ይዤ ወደ አዳራሹ እመለሳለሁ። ቃለ ጉባኤው ይነበብልን እላለሁ። አሜናችን ከድምፅ ይውጣ እላለሁ። ቀጥሎ ማሻሻያውን ራሱን አሳዩኝ እላለሁ፤ አንብቤው ምናልባት እደግፈው ይሆናል።