ለተጊዮርጊስና አራቱ ኮምፒዩተሮቿ

ሰቆጣ ማሠልጠኛችን ውስጥ ኮምፒዩተር ክፍሉን የምትይዘው ለተጊዮርጊስ ናት። እኔ ብዙነህ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነኝ፤ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሰው ሲቸኩል እሷ ቀስ ትላለች። ይህ ጠባይዋ ስንት ጊዜ አናዶኛል።

አንድ ደህና ኮምፒዩተር ብቻ ቢሰጧት በዚያው በአንዱ ውስጥ አራት ቨርቹዋል ማሽን ፈጠረችበት። አንዱ ዕቃ እንደ አራት ኮምፒዩተር ይሠራል፤ አሮጌዎቹን ስክሪኖች በየማሽኑ አከፋፍላ አገናኘቻቸው። ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር።

ባለፈው ዓመት በብቃት ምዘናው ዕለት ግን ጉድ ፈላ። በኮምፒዩተር የሚሰጠው ፈተና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲጀመር አንዱ ማሽን ከፈተ፤ ሁለቱ «ጊዜው ገና ነው» ብለው እምቢ አሉ። አራተኛው መጠባበቂያ ነው። እምቢ ካሉት በአንዱ ፊት ተማሪዬ ሶስና ተቀምጣለች። ከሰሃላ በእግሯ የመጣች፣ መጋዝ አያያዟ ከኔ የሚሻል ልጅ ናት። አምደወርቅ ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የምዘና ወረቀቷን ይዛ ከመጣች ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። መዛኙ ደግሞ ከሰዓት ወደ ወልዲያ ተሳፋሪ ነኝ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ያልጨረሰ ለከርሞ ይምጣ አለ።

ለተጊዮርጊስ መጠባበቂያውን አየችው፤ ፈተናውን ይከፍታል። ሶስናን ከማዛወሯ በፊት ንጹሕ ይሁን ብላ አጥፍታ አስነሳችው። እሱም እምቢ አለ። ትዕግሥቴ አለቀና ሁሉንም አጥፍተሽ አስነሻቸው አልኳት።

«ጋሽ ብዙነህ፣ ያስነሳሁት ሁሉ ነው የሚታመመው» አለችኝ። «መጀመሪያ ምክንያቱን ልወቅ።»

ደብተሯን አውጥታ እያንዳንዱ ማሽን መቼ እንደተነሳ ጻፈች። እምቢ ያሉት ዛሬ የተነሱት ናቸው፤ ደህናው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አልጠፋም። ስለዚህ ሲነሱ አራቱንም ከያዘው ከትልቁ ኮምፒዩተር የሚቀበሉት ነገር አለ አለች። ስክሪኖቹን ጎን ለጎን አይታ ሰዓቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጊዜው አራት ተኩል ነው። ደህናው ማሽን እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሮ አሥር ተኩል ይላል፤ የታመሙትና ትልቁ ኮምፒዩተር ግን አራት ተኩል። ፈተናው በፈረንጆቹ ዘጠኝ ሰዓት እንዲከፈት ስለተሞላ ለእነሱ ገና ሌሊት ነው።

ይህን ሰዓት ማን ነካው ብላ ጠየቀች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዋዜማው ጠዋት ደብዳቤ ላትም ገብቼ ሦስት ሰዓት ሲሆን ትልቁ ኮምፒዩተር ዘጠኝ ይላል። ተሳስቷል ብዬ በአገራችን ሰዓት አስተካከልኩት፤ ኢንተርኔት ስላልነበረ መልሶ የሚያርመው አልነበረም። እንዲያውም ኮርቼ ነበር የወጣሁት። የመከርኳትን ብትሰማ ኖሮ በደህናው ማሽን እየተፈተነ የነበረውንም ፈተናውን አስቋርጠው ነበር።

እኔ ነኝ አልኩ። ለተጊዮርጊስ አልተቆጣችም፤ ሰዓቱን መልሳ ሦስቱን ማሽኖች አስነሳቻቸው። ሁሉም ከፈቱ። መዛኙ ምን ሆኖ ነው ሲላት፣ ኮምፒዩተሩ ሰቆጤ ሆኖብን ነው አለችውና ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሶስና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሳ ወጣች። ውጤቷ ሲመጣ አልፋለች፤ ደስታዬን የምደብቅበት ጠፋኝ። የዚያን ቀን ልትወድቅ የነበረው በኔ ጥፋት መሆኑን ነገርኳት።

«መምህር» አለች ሳቋን እየዋጠች፣ «አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንድ ጊዜ ቁረጡ ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

ያንን ትምህርት እኔ ሳስተምር፣ ስትሠራበት የኖረችው ለተጊዮርጊስ ናት።